የዳለቻ ቀለም

ቀለም ላይ ነገረኛ ነኝ። ሰው ሰማያዊ ሸሚዝ በሌላ ዓይነት ሰማያዊ ሱሪ አድርጎ ሲያናግረኝ ወሬው አይገባኝም፤ ዓይኔ እዚያው ሁለቱ ሰማያዊዎች ላይ ተተክሎ ይቀራል። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ባልም የምትመርጪው በሸሚዙ ነው» ትለኝ ነበር፤ እውነትም አልቀረም። ድሮ በዚህ ዓይኔ ስኩራራ የሚያስቆመኝ አልነበረም። አሁን ግን ሰው «አንቺ እኮ ቀለም ታውቂያለሽ» ሲለኝ ወሬ እቀይራለሁ።

ነገሌ የተወለድኩት በአባቴ ምክንያት ነው። ወታደር ነበር፤ ከሰሜን ተመድቦ መጥቶ፣ መንግሥት ሲለወጥና ጦሩ ሲበተን «የት አባቴ እሄዳለሁ» ብሎ እዚሁ ቀረ። ካምፑ ዙሪያ ያደግን ልጆች አማርኛችን የየአባቶቻችን አገር አማርኛ፣ ስድባችን ግን ኦሮምኛ ነበር። ሳድግ ገበያው አጠገብ፣ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ ጎን፣ የሞባይል ቤት ከፈትኩ። ስክሪን እቀይራለሁ፣ ከቨር እሸጣለሁ፣ ስልክ ለማያውቅ አሳያለሁ። ስሜ የወጣው ግን በቲም ነው።

ቲም ማለት የስልክ ልብስ ነው። ስልክ ከካርቶኑ ሲወጣ አንዱ አፕ ቀይ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ዝንጉርጉር ሆኖ ፊቱ የገበያ ቀን ይመስላል። ቲም ሲጫንበት ምልክቶቹ ሁሉ አንድ ቀለም ይለብሳሉ። ወጣቱ በዚህ አበደ። ሙሽራዋ ከሚዜዎቿ ቀሚስ ጋር የሚሄድ ታሠራለች፣ የኳሱ ደጋፊ የቡድኑን ቀለም ይዞ ይመጣል።

ከኢንተርኔት በነፃ የሚወርደው አብዛኛው ቲም ግን ቆሻሻ ነው፤ ይቅርታ፣ ሌላ ቃል የለኝም። ጠርዙ የተበላ፣ ሁለቱ ሮዝ ሆነው ሦስተኛው ወደ ብርቱካን የሚሄድ፣ ውስጡ ያለው ሥዕል ለአንዱ ወፍራም ለሌላው ክር የሚያህል። ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ ሃያው ለብሶ አንዱ «አልለብስም» ብሎ በቀድሞ ቀለሙ የሚቀረው ነው። ሠርግ ላይ በሥራ ልብሱ የተገኘ ሰው ይመስለኛል። ስለዚህ ራሴ ላፕቶፕ ላይ እየሣልኩ፣ አንድ በአንድ እያስተካከልኩ መሥራት ጀመርኩ። ከቡሌ ሆራ ድረስ ስልክ ይላክልኝ ነበር። ልቤ ቢያብጥ ምን ይገርማል!

ሽማግሌው ከሊበን ገጠር በገበያ ቀን የሚመጡ ከብት አርቢ ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም። ስልኩን የገዛላቸው ልጃቸው ነው፤ አጠቃቀሙን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። እኔ «ይሄ መደወያ፣ ይሄ ካሜራ» ስል እሳቸው በራሳቸው መንገድ ይይዙት ነበር። ቀዩን «ዲማ»፣ ጥቁሩን «ጉራቻ»፣ ግራጫ የሆነውን የማስተካከያ ምልክት «ዳለቻ» አሉት፤ ከብታቸውን የሚጠሩበት የቀለም ስም ነው። አረንጓዴ ላም ስለሌለ ደግሞ መደወያውን «ማርጋ» አሉት፤ ሣር ማለታቸው ነው። «ማርጋን እነካለሁ፣ አንቺ ትወጫለሽ» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ አረንጓዴውን ሲነኩ ስልኩ ላይ የጫንኩት የእኔ ፎቶ ከሁሉ በላይ ይመጣል፣ እሱን ነክተው ይደውላሉ። እኔ በሳቅ እፈርሳለሁ። ለደንበኞቼ ሁሉ «አባባ እኮ ስልካቸው ውስጥ ከብት ያረባሉ» እያልኩ አወራባቸው ነበር። እሳቸውም አብረውን ይስቃሉ።

ሳቁን ተዉትና ዓይናቸው ከእኔ ዓይን ይበልጥ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሳምንት ሙሉ የለፋሁበትን ቡናማ ቲም አሳየኋቸው። ስልኩን ወደ በሩ ብርሃን አስጠጉና «ጋሪ» አሉ፤ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። «ይቺና ይቺ ግን የአንድ እናት ልጆች አይደሉም» አሉኝ። ተናደድኩ። ማታ ላፕቶፑ ላይ ሳየው ሁለቱ ቡናማዎች እውነትም በአንዲት ፀጉር ያህል ይለያዩ ነበር። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሥራ ስጨርስ የገበያ ቀን እስኪደርስ እጠብቅ ጀመር፤ እሳቸው ሳያዩት ለማንም አልጭንም።

አሁን ወደ ላሚቱ ልምጣ። ዳለቻ የሚሏት ላም ነበረቻቸው፤ ስሟ ከቀለሟ ነው፣ አመድ የመሰለች ግራጫ። ልጄ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላት ታማ ተነሥታ እህል አልቀምስ ባለች ጊዜ፣ ሽማግሌው ሰሙና በየገበያ ቀኑ የዳለቻን ወተት ያመጡላት ጀመር። ከዚያ ሁሉ መንገድ፣ በዚያ ሁሉ ፀሐይ! ልጄ ከሌላ ሰው እጅ የማትጠጣውን ከእሳቸው እጅ ትጠጣለች። ጉንጯ ሞላ፣ መሮጥ ጀመረች። ምስጋና ባበዛ «ዳለቻን አመስግኛት፤ እኔ ተሸካሚ ነኝ» ይሉኛል። ውለታ ሲከብደኝ ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም። የምችለው ነገር ደግሞ አንድ ብቻ ነበር።

ድርቁ በከፋበት ዓመት አንድ የገበያ ቀን መጡ። ልጃቸው ጠንካሮቹን ከብቶች እየነዳ ወደ ፎራ፣ ማለት ከቤት ርቆ ሣር ወዳለበት፣ ሄዷል። ጎረቤቶቻቸውም ተነቃንቀዋል። ቤት የቀሩት እሳቸው፣ ባለቤታቸው፣ አንድ የልጅ ልጅና ለልጁ ወተት ተብላ የቀረችው ዳለቻ ናቸው። እኔ ቤት አጠገብ የሚኖር አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከደጋ ድርቆሽ እያመጣ በመንገዱ ላይ ያራግፍ ነበርና «ለአባባ ሃያ እስር ያዝላቸው» አልኩት። ሽማግሌው ግን «ከእኔ የባሰበት አለ። ዳለቻ ሳትደክም የሰው ሣር አልወስድም» አሉ። ከቤታቸው በላይ ኔትወርክ የሚገኝባት ጉብታ አለች፤ ቤታቸው ግን ምንም አይገባም። እናም ተስማማን፤ ላሚቱ ከደከመች ጉብታው ላይ ወጥተው ለእኔ ይደውላሉ፣ እኔ ለሹፌሩ እነግራለሁ፣ እሱም ሐሙስ ሲያልፍ መገንጠያው ላይ ያወርድላቸዋል።

ነገሩ ይኼው ነው። አንዲት ላም፣ ሃያ እስር ድርቆሽ፣ አንድ ስልክ ጥሪ።

በዚያው ቀን ስልካቸውን ተቀበልኳቸውና «ዛሬ ስጦታ አለኝ» አልኳቸው። ለሁለት ሳምንት በምስጢር የሠራሁት ቲም ነበር፤ በዳለቻ ቀለም። የላሚቱን ፎቶ ቀደም ብዬ ከልጃቸው ስልክ ወስጄ፣ ግራጫውን ከትከሻዋ ላይ ቀድቼ፣ ሃያ ስምንቱንም ምልክቶች እሱን አለበስኳቸው። ሁሉንም ክብ አደረግኳቸው፣ ውስጣቸው ያለውን ሥዕል በቀጭን ነጣ ባለ መስመር ሣልኩት። ቦታቸውንም ለዓይን እንዲያምር አሰባጠርኩት። እስከ ዛሬ ከሠራሁት ሁሉ እንደዚያ ያማረ የለም፤ አሁንም ቢሆን አማረ እላለሁ፣ ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ተቀባበሉት። ሽማግሌው ስክሪኑን ረጅም ጊዜ አዩና «ዳለቻ ናት። ራሷ ናት» አሉ። ከዚያ መረቁኝ። ልጄንም መረቁ።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ አገራቸው ከመነሣታቸው በፊት ተመልሰው መጡ። ሱቁ ሰው ሞልቶታል። ጥግ ላይ ቆመው ሰው እስኪያልፍ ጠበቁ፣ ሰው ግን አላልፍ አለ። በኋላ ጠጋ ብለው ስልኩን ከፍተው ጣታቸውን አንድ ቦታ አሳረፉ። «ልጄ፣ ይቺ…» አሉ።

አየሁት። መደወያው! ሃያ ሰባቱ ግራጫ ለብሰው መደወያው ብቻ አልይዝ ብሎ፣ ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ መሰለኝ፣ ወደ አረንጓዴው ተመልሷል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! እኔ፣ በሰው ሥራ ላይ አፌን የምከፍተው ሴት፣ ያንን የመሰለ ነውር አሳልፌ! ፊቴ ጋለ። «አውቃለሁ አባባ፣ አውቃለሁ፣ ይቅርታ፣ አንድ ደቂቃ» ብዬ ስልኩን ከእጃቸው ነጠቅኩ። «አይ ልጄ፣ ይቺ እኮ…» አሉ እንደገና። «ግድ የለዎትም፣ አስተካክለዋለሁ፣ ይቀመጡ» አልኩ። በምራቅ መዋጫ ጊዜ ውስጥ አረንጓዴዋን አጠፋሁና ሰጠኋቸው። «ይኸው! አሁን ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው!»

ሰው ሳቀ፣ አንዷ አጨበጨበች። ሽማግሌው ስልኩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሰውን አዩ። በእነሱ ዘንድ የተሰጠህን ስጦታ፣ ያውም በሰው ፊት፣ «አልበጀኝም» ማለት የሰጪውን ፊት በጥፊ መምታት ነው። ይህን እኔም አሳምሬ አውቃለሁ፤ እዚሁ ነው ያደግኩት። «ጋሪ» አሉ። ስልኩን ኪሳቸው ከተው፣ ዱላቸውን አንሥተው ሄዱ። አንጀቴ ቅቤ ጠጥቶ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

የመጀመሪያው ሐሙስ ሲያልፍ ገና ነው ብዬ ጥሪም አልጠበቅኩም። በሁለተኛው ሐሙስ ጠዋት ሹፌሩ መኪናውን እንዳስነሣ ሱቄ በር ላይ ቆመና «ሽማግሌው ደወሉ?» አለኝ።

«አልደወሉም።»

«እርግጠኛ ነሽ? የሚለምነኝ ሰው ብዙ ነው። ከዚህ በኋላ የምመለሰው ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቼ ነው።»

አንድ ጊዜ ሞከርኩላቸው፤ ያቺ የታወቀችው ሴትዮ «ማግኘት አይችሉም» አለችኝ። ያው ነው፣ ቤታቸው ኔትወርክ የለም። «ቢቸግራቸው ይደውሉ ነበር። ስልካቸው እንደሆነ እጃቸው ላይ ነው፣ ምን የመሰለ አድርጌ ነው የሰጠኋቸው!» አልኩት። «እንግዲያው ለሌላ ልስጠው?» አለ። «ስጠው» አልኩ። ይህቺን አንዲት ቃል እኔ ነኝ ያልኳት፤ ማንም አላስገደደኝም።

ከዚያ ሦስት የገበያ ቀን አለፈ። ሽማግሌው በአራተኛው መጡ፣ ከስተዋል። እንደ ወጉ ተጠያየቅን። አካም ቡልተ፣ እንዴት አደርሽ። ናጋ። ቤቱ ናጋ? ናጋ። ልጁ ናጋ? ናጋ። ከብቱ ናጋ? ናጋ። ሁሉ ሰላም ነው። ለልጄ የሚያመጧት ወተት በእጃቸው እንደሌለ አይቻለሁ፤ በዚያ ድርቅ ማን ወተት ይጠብቃል ብዬ አልጠየቅኩም።

«ስልኩ ሞላሁ ይላል አሉኝ። ምን እንደበላ እይልኝ» ብለው ሰጡኝ።

ጋለሪውን ከፈትኩ። ከመቶ በላይ ፎቶ ነበር። የመጀመሪያው ዘመም ያለ ሰማይ ነው። ሁለተኛው አውራ ጣት። ከዚያ ድንጋይ፣ የዱላ ጫፍ፣ ደግሞ ሰማይ፣ ደግሞ አውራ ጣት። ጉብታዋ ላይ ነው የተነሡት። መደወያ መስሏቸው በካሜራው ውስጥ ያለውን ነጭ ክብ ሲጫኑ፣ ስልኩን ጆሮአቸው ላይ ሲያደርጉ፣ መልሰው ሲያዩት ታየኝ። ከዚያ ግቢያቸው መጣ፤ ጨንቋቸው ኔትወርክ በሌለበትም ሞክረዋል። ላሚቱ ቆማለች፤ ግማሽ ፊቷን ጣት ሸፍኖታል። ደግሞ ጉብታው። ደግሞ ግቢው፤ ላሚቱ በፊት ጉልበቷ ተንበርክካለች። ጉብታው፣ ጉብታው፣ ጉብታው። ላሚቱ ተኝታለች። የአሮጊቷ እጆች ከሆዷ ሥር ገብተው ሊያነሷት ይታገላሉ። የደከመች ላም ከተኛች በራሷ አትነሣም፤ ሰው ተሰብስቦ ያነሣታል፣ እዚያ ግን ሰው አልነበረም። ጉብታው። ጉብታው። ከዚያ በኋላ ላሚቱ ያለችበት ፎቶ የለም።

ስልኩን ወደ በሩ ብርሃን አወጣሁትና መነሻ ገጹን አየሁት። የቆላ ፀሐይ አናት ላይ ነው። ሃያ ስምንት ግራጫ ክቦች፣ ውስጣቸው ምንም የለም። ያ የኮራሁበት ቀጭን መስመር ከሱቄ ጥላ ሲወጣ ድራሹ ይጠፋል። ፊደል የቆጠርኩት፣ የሠራሁት እኔ ራሴ መደወያው የትኛው እንደሆነ ለማግኘት በእጄ መጋረድ ነበረብኝ። ለእሳቸው የቀረችላቸው አንዲት መንገድ ያቺ አልለብስም ያለች አረንጓዴ ነበረች። እሷን «ተይልኝ፣ እንደውም ሌሎቹንም መልሺልኝ» ሊሉኝ መጥተው ነው እኔ ያጠፋሁባቸው።

ተመልሼ ፎቶዎቹን ሳወርድ መሐል ላይ አንድ ቪዲዮ ነበር፤ ጣቴ ነካው። መሬት እየተንቀጠቀጠ ታየና ድምፃቸው ወጣ፦ «አሎ! አሎ፣ ልጄ! ዳለቻ መነሣት እንቢ አለች። አሎ! ትሰሚኛለሽ?» ሱቅ ውስጥ አምስት ስድስት ሰው ነበር። ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ምን አደረግኩ? ድምፁን አጠፋሁት። አዎ፣ ሽማግሌው ሁለት እርምጃ ርቀው ቆመው፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ድምፃቸውን አጠፋሁት።

«ዳለቻስ?» አልኩ በመጨረሻ።

«ዳለቻ የለችም» አሉ። «ስልኩ ጥፋት የለውም። እጄ ነው ያልተማረው። አንቺ አሳምረሽ ሠርተሽ ነበር።» ይህን ሲሉ እንኳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው፤ ሰው ሰምቶ ሥራዬን እንዳይንቅብኝ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። «አባባ፣ የገደልኳት እኔ ነኝ። ሣሩንም ለሌላ ይሰጥ ያልኩት እኔ ነኝ» ማለት አራት ትንፋሽ አይፈጅም። ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ባንኮኒው ላይ ግን ለቲም ወረፋ የያዙ ሁለት ልጃገረዶች ስልካቸውን አስቀምጠው ይጠብቁኛል። ዋጥኩት። ሌላ ቀን፣ ሰው ሳይኖር፣ አልኩ። ሰው የሌለበት ቀን ብዙ መጥቶ አልፏል፤ እሳቸውም ይመጣሉ፣ እኔም ልጄን ጠርቼ አስመርቃታለሁ፣ ነገሩን ግን እስካሁን አልተነፈስኩትም። ቲም መሥራት ተውኩ። ለጠየቀኝ «ዓይኔን አመመኝ» እላለሁ።

ያን ዕለት የቻልኩት አንድ ነገር ነበር። ያንን ያማረ ልብስ ገፍፌ ጣልኩት። ምልክቶቹ በፋብሪካው ቀለማቸው፣ እንደ ገበያ ቀን ተዘበራርቀው፣ ድሮ በነበሩበት ቦታ ተመለሱ። ፎቶዎቹን ልጠርግ ስል «ቆማ ያለችበትን ተይልኝ» አሉ፤ ጣት ግማሽ ፊቷን የሸፈነባትን። እሷን አስቀርቼ ሰጠኋቸው። ስክሪኑን አዩና ፊታቸው ሁሉ ፈታ አለ። «ማርጋ! መጣች!»

«ይሞክሩት» አልኩ፣ ዝም ብዬ እንዳልቆም ብቻ።

ማርጋን ነኩ። ከሁሉ በላይ የመጣውን ሥዕል ነኩ። ስልኩን ጆሮአቸው ላይ አደረጉና እዚያችው ጉብታ ላይ ያሉ ይመስል በበሩ አሻግረው ሩቅ አዩ። ባንኮኒው ላይ የእኔ ስልክ ጮኸ። ልጃገረዶቹ ሳቁ። ሽማግሌው አልሳቁም፤ ጠበቁ። አነሣሁት።

«አሎ፣ ልጄ» አሉ። «አሁን ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማዎታለሁ፣ አባባ።»

«ጋሪ» አሉና ቀዩን ነክተው ዘጉት።